ቆለኞቹን አስገቢ

የሚጥሚጣ ቅጠል በጣት ሲታሽ የሚሰጠው እርጥብ ሽታ ዛሬም ድንገት አፍንጫዬን ሲነካው፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ የነበረው ግቢያችን፣ የደርግ ጊዜና እናቴ ተያይዘው ይመጡብኛል።

እናቴ የቆላ ሰው ነበረች። «የአዲስ አበባ ብርድ ሚጥሚጣ አያበቅልም» ቢሏት እልህ ይዟት፣ በየሚያዝያው በሦስት የዘይት ጣሳ ትዘራ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ሥራዬ ጣሳዎቹን ጠዋት ፀሐይ ላይ ማውጣት፣ ማታ ማስገባት ነበር። ክረምት ደመና ባየን ቁጥር በረዶ እንዳይመታቸው ተሸክመን እንሮጥ ነበር፤ በመስከረም ነጫጭ አበባ ያወጣሉ፤ በጥቅምት ውርጭ ከከሰል ምድጃው አጠገብ አስጠግተን እናሳድራቸው ነበር። እናቴም የአገሯ ልጆች ይመስል «ቆለኞቹ» ትላቸው ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከጓዳ ሆና «አንቺ ልጅ፣ ቆለኞቹን አስገቢ! በሩንም ዝጊ!» ትለኛለች።

ይህን በጭቃ ግድግዳ የምንዋሰናት እትዬ ጽጌ ትሰማ ነበር። እሷ የቀበሌ ተመራጭ ነበረች።

በኅዳር አንድ ማለዳ፣ ፍሬው መቅላት ሲጀምር፣ አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዘው ገቡ።

«የደበቅሻቸው ቆለኞች የታሉ? በየማታው ስታስገቢያቸው ጎረቤትሽ በግድግዳ ሰምታለች» አለ አለቃቸው።

እናቴ እየተንቀጠቀጠች ወደ ጣሳዎቹ ጠቆመች። አንዱ ወደ ሰማይ ቀጥ ብለው የቆሙትን ፍሬዎች አይቶ «ጓድ፣ እነዚህማ እጃቸውን አንስተዋል!» ሲል ሌሎቹ ሳቁ። አለቃው ግን «ሽጉጥ ቀብራበት ቢሆንስ?» ብሎ ጣሳዎቹን ገለበጠ፣ አፈሩን በጫማው በተነው፣ እናቴንም ይዟት ሄደ።

መልሼ ብተክላቸውም አልያዙም። እናቴ በሁለተኛው ቀን ስትፈታ ጠቁረው ጠበቋት። እትዬ ጽጌም ከጎረቤት ሁሉ ቀድማ መጥታ «እኔማ እንዴት እንዳዘንኩልሽ!» አለቻት።

«ለእግዜር ስጪው ልጄ» አለችኝ እናቴ። እኔ ግን ለእግዜር አልሰጠሁትም።

የረገፈውን ፍሬ ለቅሜ፣ ጣሪያ ላይ አድርቄ፣ ወቅጬ ደበቅሁ። በጥር እትዬ ጽጌ የስብሰባ ነጠላዋን አጥባ ስታሰጣ ጠርዙን በዱቄቱ አሸሁት፤ ጣቴ ሲቃጠል እንኳ ደስ ይለኝ ነበር። በማግስቱ ለሰማዕታት መታሰቢያ በተጠራው ስብሰባ ላይ ልትናገር ተነሥታ፣ የፊቷን ላብ በነጠላዋ ጠርዝ ብትጠርግ እንባዋ እንደ ቧንቧ ወረደ።

ሊቀመንበሩ ብድግ ብሎ «ጓዶች፣ ለሰማዕታት እንዲህ ነው የሚለቀሰው!» አለ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ከኋላ ሆኜ በንዴት ከንፈሬን ነከስኩ። ለካ ለመናደድ ቸኩያለሁ። ከዚያ ወዲያ በየስብሰባው «እስቲ ጓድ ጽጌ፣ እንዳለፈው!» ይሏት ጀመር። ዓይኗን ብታሸው፣ ብትቆነጥጠው፣ አንዲት ጠብታ የለም። «ያን ቀን ታዲያ ለማን ነበር ያለቀስሽው? ለጠላት?» አላት አንዴ ሊቀመንበሩ፤ ያኔ እናቴ ያን ማለዳ እንደተንቀጠቀጠችው ስትንቀጠቀጥ አየኋት። ያን ጊዜ ጠገብሁ።

ዛሬ አያት ሆኛለሁ፤ ዝንብ እንኳ አትገድልም ይሉኛል። ለንስሐ አባቴ ስንቱን ስናገር ይህችን አንድም ቀን አንሥቻት አላውቅም። ልጅ ሳለሁ እትዬ ጽጌ ታውቅብኝ ይሆን ብዬ በፍርሃት እሞት ነበር፤ አሁን የሚያንገበግበኝ ሳታውቅ መሞቷ ነው።