ክንፉን ዘርግቶ ወይስ ገጥሞ

አባቴ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን በቢቸና ዙሪያ ወንዝ ለወንዝ የዞሩት ለዓሣ እንዳይመስላችሁ፤ ለውሃ ተርብ ነው፤ ለዚያ ውሃ ላይ ለሚያንዣብበው፣ ባለ አራት ክንፍ ቀጭን በራሪ። ሰው "መምህሩን ምን ለከፋቸው?" ይል ነበር። ይበል!

እግራቸው አልታዘዝ ሲላቸው ወንዝ መውረዱ ለእኔ ወደቀ። የማስተምረው ሞጣ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እወርድና በስልኬ አንስቼ በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ። ምስጋና የለ፣ ምን የለ! "ሲያርፍ ክንፉን ዘርግቶ ነው ወይስ ከጀርባው ገጥሞ? ዓይኖቹ ይነካካሉ ወይስ ይራራቃሉ? ቀይ ሁሉ አንድ መሰለሽ እንዴ?" በአንድ ፎቶ ስም ሰጥተውኝ አያውቁም። እየተነጫነጭሁ ተመልሼ እወርዳለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሳምንቱን የምገፋው በዚያ ቁጣቸው ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ስለከረመ ዓይናቸውን ካየሁ ቆይቻለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጅራቱ ደም የመሰለ ቀይ ላክሁ። መልሱ ወዲያው መጣ፦ "በጣም ያምራል ልጄ። የውሃ ተርብ ነው።"

የውሃ ተርብ መሆኑንማ ማን አጣው! ደወልሁ። አብራቸው የምትኖረው ታናሽ እህቴ አነሳችው። "ተኝተዋል እትዬ፤ ደህና ናቸው" አለችኝ። ድምፅዋ ሻክሯል፤ ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

ለማጣራት ሌላ ላክሁ፤ ሰማያዊ፣ ክንፉን ገጥሞ ያረፈ። "ይሄም ያምራል" የሚል መጣ። አባቴ ቢሆኑ "ይሄ ሌላ ወገን ነው፤ አታደባልቂ!" ብለው በጮኹብኝ።

ገባኝ። በእኛ አገር ርቆ ላለ ልጅ የወላጅ ሞት በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ያረዳል። እህቴ እስከዚያ ልታቆየኝ ነው በአባቴ ስልክ የምትጽፍልኝ። በገንሁ። ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በላችው፤ እያለቀሰች እኮ ነው "ያምራል" የምትለኝ!

ከዚያ ያደረግሁትን የሰማ አብዳለች ይለኛል። ሦስተኛ ፎቶ ላክሁ። አራተኛም። መርዶዬን እስኪያረዱኝ ድረስ አባት አለኝ አልሁ።

በማግሥቱ ማልደው በሬን አንኳኩ። የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው፤ ከፊታቸው ጋቢ የተከናነቡ ቄስ አሉ። "ልጄ፣ እንግዲህ የሰው ልጅ..." ብለው ሲጀምሩ እጃቸውን ያዝሁ።

"አባ፣ እባክዎ ይቀመጡ" አልኋቸው። "ገና አይንገሩኝ።"