ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት

ታናሽ ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ «ቆይ እስቲ» ነው የሚለው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ መብራት ከማብራቱ በፊት አፉ ላይ የምትመጣው ይህችው ናት። ትዕግሥቱን ጠቅልሎ ወስዶት ለእኔ ለታላቋ አላስተረፈም።

ጓሮ የልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ላውንደሪ፣ ስከፍት መስመሩን የዘረጋልኝ እሱ ነው። ከዋናው ቤት እስከ ጓሮ ቆፍሮ ወፍራም ኬብል ቀበረ። ከኬብሉ ላስቲክ ሥር የብረት ሽቦዎች ዙሪያውን ተጠቅልለዋል።

«ይሄ ብረት አካፋ እንዳይቆርጠው ነው?» አልኩት።

«ለእሱም ነው። ግን የማጠቢያ ማሽንሽ ሽቦ ተልጦ ቆርቆሮውን ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ በሰው ሳይሆን በዚህ ብረት ተመልሶ ብሬከሩን ይጥልና መብራቱን ያጠፋዋል።»

ሥራ የምንጀምርበት ቀን ደረሰ። የደንበኛችን ሆቴል አንሶላ ተቆልሏል፤ እማዬ ሽርጧን ታጥቃ እጅጌዋን ሰብስባለች። ወንድሜ የኤሌክትሪክ መፈተሻ ቴስተሩን አውጥቶ ኬብሉ የሚገባበትን የብረት ሳጥን ነካ ነካ አደረገና፣ «ቆይ እስቲ» አለ። ደሜ ፈላ!

ለካ ቀለም ቀቢያችን እኔን ደስ እንዲለኝ ብሎ ሳጥኑን ውጩን ብቻ ሳይሆን ውስጡንም ሰማያዊ አድርጎታል። የኬብሉን ብረት ከሳጥኑ ጋር የሚያጣብቀው ማሰሪያ ቀለም ላይ ተቀምጧል፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ወንድሜ ማሰሪያውን ፈቶ ያን የመሰለ ቀለም በቢላ ይፍቀው ጀመር። ብረቱ እስኪያበራ ፋቀው። በዚህም አልበቃውም፣ የውሃውን ቧንቧ ሳይቀር በሽቦ ከሳጥኑ ጋር አገናኘው።

«ወይ ጉድ! ደንበኛ በር ላይ ቆሞ አንተ ቀለም ትፍቃለህ? ውሃ ቀጠነ ባይ!»

«እትዬ፣ እጇን ውሃ ውስጥ የምትከተው እማዬ እኮ ናት» አለኝ ቀና ሳይል።

ነገሩ ግን አልገባኝም። አኩርፌው ሰነበትኩ።

ክረምት ሲገባ አንድ ጠዋት ማሽኑ እየተሽከረከረ እማዬ አንድ እጇን ሳፋ ውስጥ ከታ በሌላው ማሽኑን ተደግፋለች። ቀጭ! ብሬከሩ ወረደ። ባነሣው ተመልሶ ወረደ። ስልኬን አንሥቼ ወንድሜ ላይ የስድብ መዓት አወረድኩበት።

«የአንተ ሥራ ይኸው ነው? ስትፍቅ ውለህ መብራት አሳጣኸኝ!»

«ማንም እንዳይነካው! መጣሁ።»

መጥቶ መስመሩን አጠፋና የማሽኑን ጀርባ ፈታ። መንቀጥቀጡ ሽቦውን ልጦት ባዶው መዳብ ቆርቆሮው ላይ አርፏል። ወንድሜ ወደ እኛ ዞረ።

«ማን ነበር ማሽኑን የያዘው?»

«እኔ ነኛ!» አለች እማዬ ፎጣ እየጨመቀች። «እዚህ ቤት ሌላ ማን ይሠራል?»

ወንድሜ እርጥቡ ወለል ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ያ ቀለም ባይፋቅ ኖሮ ኤሌክትሪኩ በእማዬ በኩል ያልፍ ነበር። ምድረ ስድብ ያወረድኩበት ስልክ እጄ ላይ ነበር።

እማዬ ምንም አልገባትም። «ተነሥ ልጄ፣ ብርድ ይመታሃል» ብላ እርጥብ እጇን ዘረጋችለት።

ያዘው፤ ግን አልተነሣም። እጇን ጉንጩ ላይ አድርጎ፣ «ቆይ እስቲ፣ እማዬ» አላት።

እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።