ለግድግዳ የማይሸጥ ጊታር

አባቴ በሆቴል ባንድ ሲጫወት ኖሮ ሲሞት፣ ቡናማ ቀለም ያለው፣ ከባድ፣ ማዞሪያ የበዛበት አሮጌ ኤሌክትሪክ ጊታር ተወልን። እኔና ታላቅ ወንድሜ እናታችን በርበሬ በረንዳ ገበያ ያቆየችልን የበርበሬ ሱቅ ውስጥ ነው የምንሠራው። አባቴ ያስተማረኝን እንዳልረሳ ማታ ማታ ሱቁን ዘግተን ቤት ስንገባ፣ እጄን ደጋግሜ በሳሙና ታጥቤ ጊታሩን አነሳለሁ።

ችግሩ፣ አምፕሊፋየር ላይ ስሰካው እንደ ትንኝ ነበር የሚጮኸው። መሳለሚያ ሰፈር ላሉ አንድ አዛውንት የሬዲዮ ጠጋኝ ወሰድኩላቸው።

«ልጄ፣ ይሄ ሞቷል። ከክሮቹ ሥር ያሉትን ማግኔቶች አውጥተን የዘመኑን እንግጠምበት» አሉኝ።

«አይንኩብኝ ጋሼ» ብዬ ይዤው ወጣሁ።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ለመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ጌጥ የሚፈልግ ሰው አገኘ። «የማይጮህ ጊታር ምን ያደርግልሻል? ደግሞስ የበርበሬ ነጋዴ ጊታር ተሸክማ ስትታይ ደንበኛ ምን ይላል?»

«ደንበኛ የሚገዛው በርበሬዬን ነው» አልኩት።

አማኑኤል አካባቢ አንድ ትንሽ የሙዚቃ መቅጃ ስቱዲዮ አለ። በማግስቱ እዚያ ሄድኩ። የድምፅ ባለሙያው ጊታሩን አገላብጦ፣ በማዞሪያዎቹ ዙሪያ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበና ሳቀ። «ይሄ እኮ የመድረክ አይደለም፤ ለስቱዲዮ ቀረጻ ነው የተሠራው፤ ማግኔቶቹ ከተራ አምፕሊፋየር ጋር አይስማሙም።» ያኔ ትዝ አለኝ፤ አባቴ ወደ ሆቴሉ የሚወስደው ሌላ ጊታር ነበር። ይሄን ከሳጥኑ የሚያወጣው ቀረጻ ያለው ቀን ብቻ ነው።

ባለሙያው ገመዱን በቀጥታ የድምፅ ማቀላቀያው ሚክሰር ላይ ሰካው። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ጣቴ ክሩን ሲለቅ እንኳን ይሰማል፤ ስህተቴንም አልደበቀልኝም። ሦስት ዜማ ተጫወትኩ፣ ባለሙያው ቀረጸልኝ።

ቅጂውን ለጠጋኙ በስልኬ አሰማኋቸው። ሁለቴ አዳምጠው «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሉ። ወንድሜ ግን ቅጂውን እስከ መጨረሻው አልሰማም። ይባስ ብሎ ገዢውን ሱቃችን ድረስ ይዞት መጣ።

«መጫወት ይችላሉ?» አልኩት ሰውዬውን።

«ኧረ እኔ የምፈልገው ለግድግዳ ነው።»

«እንግዲያው ሥዕል ይግዙ።»

ሰውዬው ሄደ፤ ወንድሜ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ጊታሩን በትከሻዬ አንግቼ፣ በርበሬ በሚሰፍሩት ነጋዴዎች መሀል አቋርጬ ወደ ስቱዲዮ ሄድኩ። አንዳንዶቹ መስፈራቸውን ትተው አዩኝ። እኔም ሰላም እያልኳቸው አለፍኩ።