በአፍንጫ የሚበስል ወጥ

አለቃ የሚባሉት እናት ወጥ ሲሠሩ አይቀምሱም። የመጡበት አገር ሕግ ነው፤ ወጥ ቀድሞ የሚቀምሰው በዕድሜ ታላቅ የሆነው እንግዳ ነው፣ ሠሪዋ የምታውቀው በአፍንጫዋ ነው። በማንኪያ እየጨለፈች የምትልስ ሴት እዚያ አገር ባል አታገኝም ይላሉ አለቃ። ይህን የሚሉት ምራታቸው ባል ካገኘች ከስንት ዘመን በኋላ ነው፤ ባሏም የገዛ ልጃቸው ነው።

ምራትየዋ ትቀምሳለች። ሾርባ ብትሠራ፣ ሻይ እንኳ ብታፈላ ማንኪያዋን ሳታስገባ አያልፍላትም። ስለዚህ አለቃ «ቀማሽ» አሏት። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ተቀበለው፣ እሷም በዚሁ ስም አቤት ማለት ለመደች።

አለቃን «አለቃ» ያላቸው ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ወጥ ቤቱን የመሩበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ሥራ አስኪያጁን «ሰውዬው» የሚል ሠራተኛ እሳቸውን አለቃ ይል ነበር። ገና ከበሩ ላይ ሆነው «ሁለተኛው ድስት ከሥር ሊይዝ ነው!» ብለው ይጮኻሉ፤ ረዳቶቻቸው ሮጠው ሲያማስሉት እውነትም ሊይዝ ሲል ይደርሱበታል።

ጉልበታቸው ሲደክም የተከራዩትን ቤት ለቀው ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ይዘው የመጡት አንድ ሻንጣና አንድ ከባድ የብረት ድስት ነው። በምራት ቤት መኖር መቼም እንግድነት ነው፤ መጋረጃውም የሷ፣ ቁም ሣጥኑም የሷ። የአለቃ የሆነው እሑድ ብቻ ነበር። እሑድ የሟቹ ባላቸው ታላቅ ወንድም፣ የልጃቸው አጎት፣ ከከተማው ማዶ ይመጣሉ፣ አለቃም ወጥ ቤቱን ተረክበው የአገራቸውን የሥጋ ወጥ ይሠራሉ።

ወጡ ብዙ ነገር አይፈልግም፤ ሰው ግን ያበሳጫል። ሥጋው በቢላ ነው የሚከተፈው፤ በማሽን የተፈጨ ካዩ አለቃ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሽንኩርት አይገባበትም። ቲማቲም የጨመረበት ሰው ካለማ ሾርባ ሠርቷል፣ ወጥ ነው አይበል። ነገሩ ሁሉ ያለው ዛላ በርበሬው ላይ ነው። ፍሬው ይራገፋል፣ በጋለ መጥበሻ ይታመሳል፣ ለብ ባለ ውኃ ይዘፈዘፋል፣ ይፈጫል፤ ከዚያ በስቡ የተጠበሰው ሥጋ ላይ ገብቶ ቀስ እያለ ሲንተከተክ ይውላል። ክፉው ማመሱ ነው። ሽታው ጣፈጥ ሲል ካልተነሣ ወዲያው ያርራል። ዓይን እዚህ ላይ አይረዳም፤ በርበሬው ከጥንቱም ጠቆር ያለ ነው። ያረረ በርበሬ ደግሞ ይመራል፣ የገባበትንም ሥጋ ያመርረዋል፤ ምንም ቢደፉበት አይመለስም።

ባለፈው ክረምት አለቃ በትኩሳት ተኝተው ሲነሡ ጉልበታቸውም፣ የምግብ ፍላጎታቸውም፣ ቁጣቸውም ተመለሰ፤ አፍንጫቸው ግን እንደወጣ ቀረ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አሉ። ሳሙና አሸተቱ፣ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠው አሸተቱ፤ ምንም። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ልጃቸው ቢሰማ «እማዬ፣ በቃሽ፣ ዕረፊ» እንደሚል ያውቁታል፤ ያ ማለት ሶፋ ላይ ተቀምጦ የቀማሽን ሾርባ እየጠጡ ሞትን መጠበቅ ነው። አንድ ቀን ወተት አጠገባቸው ገንፍሎ ሲያር እንኳ «እኔ ነኝ ሆን ብዬ የተውኩት፤ በዚያው ምድጃው ይታጠብ ብዬ» ብለው ድርቅ አሉ።

ለበርበሬው መላ አገኙለት። ሽታው ባይመጣም ጢሱ ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ ስለዚህ ሲያስላቸው ያነሡታል። ምስክሩም ገበታው ነበር። እሑድ በመጣ ቁጥር ጣት ያስቆረጥማል ተብሎ ድስቱ ተጠርጎ ይበላል። እሳቸው በምላሳቸው ከማቃጠሉ በቀር ምንም አይታወቃቸውም፤ እንግዳው ግን ቀምሶ መሰከረ፣ ሌላ ምን ቀረ?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አፍንጫም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ እሑድ እንደ ልማዳቸው በርበሬውን አመሱ፣ አሳላቸው፣ አነሡ፣ ዘፈዘፉ። እስኪርስ ድረስ ዳቦ ሊገዙ ወጡ። ዳቦ የሚገዙት ራሳቸው ናቸው፤ ቀማሽ ዳቦ መምረጥ የት ታውቅና! ደረጃውን ጨርሰው ዘንቢላቸውን መርሳታቸው ትዝ ሲላቸው ተመለሱ።

ወጥ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ቀማሽ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። እሳቸው የዘፈዘፉትን በርበሬ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገለበጠችው። መጥበሻው ላይ ሌላ በርበሬ ነበር። ጎንበስ ብላ አሸተተችና ገና ጢስ ሳይወጣው ፈጠን ብላ አነሣችው። ማንኪያ አልያዘችም። እጇ ነገሩን የለመደ እጅ ነበር።

ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ አለቃ።

«ከታመሙ ወዲህ ነው፣ እማማ። በርበሬው አርሮ ነበር። ልጅዎ ከዝፍዝፉ ቀመሰውና ማልቀስ ቀረው።»

«ልጄ ያውቃል?»

«እንዳልነግርዎት የለመነኝ እሱ ነው።» መጥበሻውን አስቀመጠችና ዘንቢሉን አቀበለቻቸው። «ዳቦው ሳያልቅ ይሂዱ።»

አለቃ አፈሩ። ከማፈራቸውም ይልቅ ተናደዱ፤ ውለታ አንዳንዴ ከጥፊ ይብሳል። ጋን በጠጠር ይደገፋል ሲባል ዕድሜ ልካቸውን ሰምተዋል፤ ጋኑ እሳቸው መሆናቸውን እንጂ ጠጠሩ ማን እንደሆነች አስበው አያውቁም። ዳቦውን ገዝተው ተመለሱና ራሳቸው ያልዘፈዘፉትን፣ የቀማሽን በርበሬ ፈጩ። ሥጋው ላይ ጨመሩት። 

በምሳ ሰዓት አጎትየው እንደ ደንቡ ቀድመው ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ።

«እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ! የእናቴ ወጥ ይኸው ነው። እያደር የሚጣፍጥ እጅ የታደልሽ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ልጅየው ሳህኑ ላይ አቀረቀረ።

«አንቺ ቀማሽ» አሉ አጎትየው ወደ ምራትየዋ ዞረው፣ «ምነው ማንኪያሽን ደብቀሽ ከእሷ እግር ሥር ብትማሪ?»

ገበታው በሳቅ ሞላ። ቀማሽም እንደ ልማዷ ሳቀች፤ ሳቋን ስትጨርስ ግን አለቃን አየቻቸው። ልመና አልነበረባትም። ጠበቀች።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ «የሷ ነው» ቢሉ ያልቅ ነበር። ምላሳቸው ላይ ደርሶ ነበር። ወዲያው ሶፋው ታያቸው፣ ቴሌቪዥኑም፣ በሌላ ሴት እጅ የገባው ድስታቸውም።

«ትማራለች» አሉ። «ቀስ እያለች ትማራለች።»

እንግዳው ከተሸኙ በኋላ ቀማሽ ዕቃ አጠበች። አለቃ ማንም ሳይጠይቃቸው ማድረቂያ ጨርቅ ይዘው አጠገቧ ቆሙ። አንድ ነገር ሊሏት ፈልገው ነበር።

ቀደመቻቸው። «እማማ፣ ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ ወጥዎን አልነካም። እርስዎ እንደሠሩት ይቀርባል።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ እርስዎ ማለቷንም አልተወችም። ድስቱን አጥባ፣ አድርቃ በእጃቸው አስያዘቻቸውና ወጣች።

አለቃ ድስቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። ሌላ ምንም አልነገራቸውም።