ካርዱ ላይ የሳቀችው ልጅ

ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ የእህቴ ልጅ በስልክ የላከችልኝ መልካም ምኞት፣ ድሮ በካርድ የማውቀው የአሮጌው ቲያትር ቤት ፎቶ ነው። ሕንፃው ከፈረሰ ቆይቷል። "ደስ አይልም፣ አክስቴ?" ብላ ጽፋበታለች። አይልም።

ፎቶውን ያነሳው ሰዓሊም ፎቶ አንሺም የነበረ ሰው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ አባርቶ፣ እኔና ጓደኛዬ ትርሲት ደረጃው ላይ ቆመን በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ሳምቡሳ እንበላ ነበር። ትርሲት የዊንጌት ሰፈሩ ባለሱቅ የጋሽ በዛብህ ልጅ ናት። ቤት "ጥናት አለብኝ" እያለች በየቅዳሜው ከጉለሌ ለተዋንያን ልምምድ ትወርዳለች፤ እኔ አጃቢዋ ነኝ። ያን ቀን የመጀመሪያ ሚናዋን ሰጥተዋት ሳቋ አልቆም አላት። ሰውየው ሲያነሳን እኔን ምሰሶው ሸፈነኝ።

ጳጉሜን ላይ ጋሽ በዛብህ ከመርካቶ ያመጡትን፣ ያ ፎቶ የታተመበትን የእንቁጣጣሽ ካርድ እንደ ልማዳቸው ሱቃቸው በር ላይ በሲባጎ አንጠለጠሉ። ልጃቸው እንዳለችበት ልብ አላሉም። ዳቦ ልትገዛ የመጣች ጎረቤት ናት ያየችው።

"ጋሼ፣ ይቺ ትርሲት አይደለችም እንዴ? ቲያትር ጀመረች? እንኳን ደስ ያልዎት!"

ክፋት አልነበራትም። እሳቸው ግን ካርዶቹን አንድ በአንድ አወረዱ።

"አዝማሪ ልትሆኚብኝ ነው?" አሏት እኔው ፊት።

"አባባ፣ አንድ ቀን ብቻ መጥተው ይዩኝ።"

"በቃ ብያለሁ!"

በቃ። ሚናው ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ትርሲት ሱቁ ውስጥ ስኳር ስትመዝን ከርማ፣ "እዚህ ምን ቀረኝ" ብላ ለቤት ሠራተኛነት ዓረብ አገር ሄደች። በሣጥን መጣች። እንዴት እንደሞተች የነገረን የለም።

ለለቅሶው ፎቶ ሲፈለግ፣ የተገኘው ኮስተር ያለችበት የፓስፖርቷ ብቻ ነበር። ጋሽ በዛብህ ከሱቁ መሳቢያ አንድ ካርድ አውጥተው ሰጡኝ። ሁሉንም አቃጠልኩት ብለውን ነበር።

"ከዚህ አሳድጊልኝ" አሉኝ። "የሳቀችበት ሌላ የለኝም።"

ፎቶ ቤቱ የቻለውን ያህል አሳደገው። ፊቷ ነጠብጣብ ብቻ ሆኖ ወጣ። እሳቸው ያንኑ ደረታቸው ላይ ይዘው፣ በዚያ ጭቃ፣ ቁስቋም ድረስ ሸኟት።

ሰው ይረሳል ይሉኛል፤ እኔ አልሆነልኝም። ዛሬም ስልኩ ላይ ደረጃውን በሁለት ጣቴ አቀረብኩት። ትንሽ ሲቀርብ ትስቃለች፤ ጨመር ሲደረግ የለችም። ሕንፃው የለም፣ ጋሽ በዛብህም የሉም። ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ እንዴት ብዬ ልጻፍላት?

"እንኳን አብሮ አደረሰን" ብዬ መለስኩላት።