ከሶዶ የወጣ፣ በዴሳ ያልደረሰ ደብዳቤ

ወደ በዴሳ የሚሄደው የጠዋቱ የመጀመሪያ ሚኒባስ ከሶዶ መናኸሪያ የሚነሣው ሲሞላ ነው። ሰዓት የለውም። ኢየሩሳሌም ግን ሰዓት አለባት። በዴሳ በምትሠራበት ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ክፍሉ በር ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መከፈት አለበት፤ ቁልፉ ያለው ደግሞ በእሷ ቦርሳ ውስጥ ነው። አብራት ትሠራ የነበረችው ባለሙያ ተዛውራ ከሄደች ወዲህ መድኃኒቱን በፊርማዋ የተረከበች እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ መጥታ ባዶው መኪና ውስጥ ትገባለች። ረዳቱ ቀድሞ የመጣውን ወደ ኋላ ስለሚያስገባ ቦታዋ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የኋላው ወንበር ጥግ፣ መስኮቱ በማይከፈትበት በኩል። ከፊቷ ሰው፣ ከጎኗ ሰው፣ ከእግሯ ሥር የሰው ዶሮ። መጀመሪያ የገባ መጨረሻ ይወጣል። ይህን የመሰለ ቀላል ነገር ሰውን ምን ያህል እንደሚያስር እሷ እስክትነግረኝ ድረስ አስቤው አላውቅም።

«ፋርማሲ መጣች!» ይላል ረዳቱ ሲያያት። «ዛሬስ ለዚህ መኪና የሚሆን የሚያስነሣ ኪኒን አልያዝሽም?»

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለአፉ የሚሆን ማስታገሻ እንዳላት ትመልስለት ነበር። በኋላ ግን ዝም ብላ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ማስደገፍ ጀመረች።

ቤታችን ከእነ ኢየሩሳሌም ቤት አጥር ለአጥር ነው፤ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ዝናብ ሲመጣ መንገዱ ወንዝ በሚሆንበት ሰፈር። ከዩኒቨርሲቲ በወጣች በዓመቷ የሥራ ምደባዋ ሲለጠፍ ሰፈሩ በሙሉ ተደስቶ ነበር። ወዲያው ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ መካሪ ሆነ። አንዱ በዴሳ ማለት እዚሁ ነው፣ የእናትሽን ቤት ትተሽ በሰው ግቢ ምን ትሠሪያለሽ ይላታል። ሌላው መንገድ ሰው ይበላል፣ እዚያው ክፍል ተከራዪ ይላታል። እሷም አንድ ወረቀት መሃሉን አስምራ በአንዱ ወገን በዴሳ፣ በሌላው ሶዶ ብላ ጻፈች። በበዴሳ በኩል ወረቀቱ ሞላ፦ እንቅልፍ፣ ሰዓት መድረስ፣ የምሽት ንባብ፣ የራስ በር። በሶዶ በኩል ያለው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ አዬ።

አዬ በወላይትኛ እናት ነው። እናቷ እትዬ ቦሼ ባላቸውን ከቀበሩ ስድስት ዓመታቸው ነው። ትልልቆቹ ልጆቻቸው አግብተው አንዷ አርባ ምንጭ፣ አንዷ ሐዋሳ ናቸው። ሶዶ ገበያ ቅቤ ይሸጣሉ፤ ማንበብ አይችሉም። ኢየሩሳሌም ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ከእራት በኋላ ከወላይትኛው መጽሐፍ ቅዱስ አንድ ምዕራፍ ታነብላቸዋለች። ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ጨርሰውት ሦስተኛውን ዙር ይዘዋል።

በመስከረም ወር፣ ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት፣ ኢየሩሳሌም ወሰነች። ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ወይዘሮ አገርነሽ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ ጥሩ ክፍል አገኘች፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ ወደ ጓሮ የሚያሳይ። ወይዘሮ አገርነሽ ግን ያላገባች ልጅ የሚያስገቡት ከቤተ ክርስቲያኗ መሸኛ ይዛ ስትመጣ ነው። በእኛ ዘንድ ምእመን ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ ሲዛወር ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል። የለቀቀው አጥቢያ ስሙን ከመዝገብ ያወጣል፣ የሚቀበለው ያስገባል። የአጥቢያችን ሽማግሌ ጋሽ ሚልክያስ ደብዳቤውን በእጃቸው ጽፈው ማኅተም መቱበት። ከዚያ መዝገቡን ገልጠው በስሟ ላይ በማስመሪያ ቀይ መስመር አሰመሩ። መስመሩ ቀጥ ያለና የሚያምር ነበር አለችኝ።

ያን ቀን ለእናቷ ልትነግር ወደ ቤት መጣች። እትዬ ቦሼ ግን ከገበያ አዲስ የእጅ ባትሪ ገዝተው ገብተዋል። ግድግዳው ላይ እያበሩ ያጠፋሉ፣ እያጠፉ ያበራሉ፤ እንደ ሕፃን። ጠዋት ጠዋት እስከ አስፋልቱ ድረስ ሊሸኙዋት ነው፤ ውሻ አለ፣ ባጃጁም በዚያ ሰዓት ሥራ አይጀምርም። «እይ እንዴት እንደሚያበራ» አሏት። ኢየሩሳሌም አየች። ደብዳቤው ቦርሳዋ ውስጥ ከቁልፉ ጋር ቀረ። ለአንድ ሳምንት ብቻ ነበር ያሰበችው።

ስምንት ወር ሆነው።

በየቀኑ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እናትና ልጅ ቁልቁል ይወርዳሉ። እትዬ ቦሼ ብርሃኑን በራሳቸው እግር ፊት ሳይሆን በልጃቸው እግር ፊት ነው የሚያበሩት፤ ጉልበታቸውን እያመማቸው በጨለማው ይረግጣሉ። የተቀቀለ ቦይና፣ ያው ጎደሬው፣ በጨርቅ ቋጥረው ይሰጧትና ይመለሳሉ። ኢየሩሳሌም አስፋልቱ ላይ ቆማ የባትሪዋ ብርሃን እየቆመ፣ እየተንፏቀቀ ዳገቱን ሲወጣ ታያለች። ያንን ብርሃን አይቶ እኔ ልሄድ ነው የሚል አፍ ከየት ይመጣል?

ማታ ስትመለስ መጽሐፉን ትከፍታለች፤ ገና አምስተኛው ቁጥር ላይ ራሷ ይወድቃል። እትዬ ቦሼ ቀስ ብለው መጽሐፉን ከእጇ ወስደው ይዘጉታል። የት ላይ እንደቆሙ ስለማያውቁ ምልክት አያደርጉበትም። በማግሥቱ እንደገና ከምዕራፉ መጀመሪያ ነው። በጥር ወር ዘኍልቍ ላይ ነበሩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የእስራኤል ሕዝብ ከአንድ ሰፈር ሳይነሣ ቀረ፤ ድንኳኑ እንደተተከለ፣ ጓዙ እንደታሰረ።

በዚህ መሃል ያላሰበችው ነገር መጣ። የጌታ ራት በሚቆረስበት እሑድ እንጀራው በሳህን እየዞረ ሲደርሳት እጇን መዘርጋት ከበዳት። ሶዶ ስሟ ተሰርዟል፤ በዴሳ አልተጻፈም። ማንም አልከለከላትም፣ ማንም አልጠየቃትም፤ ያቺ ቀይ መስመር ግን ዓይኗ ላይ መጣችባት። ሳህኑን ሳትነካ ለቀጣዩ ሰው አሳለፈችው። በሚቀጥለው ጊዜም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም። ከጎኗ እናቷ ተቀምጠዋል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የጌታን ራት የሚያሳልፍ ሰው አንድ የሠራው ነገር አለ ይባላል። እትዬ ቦሼም ከዚያ ወዲህ ልጃቸውን ስትበላ ያዩዋት ጀመር፤ ስትታጠብ፣ ቀሚስ ስትቀይር።

ግንቦት ገባና ዝናቡ በረታ። አንድ ዓርብ ጠዋት ሚኒባሱ እስከ ሁለት ሰዓት አልሞላም። ሲነሣም ከአንድ ጭቃ ከያዘው ኢሱዙ ኋላ ቆመ። መውረድ አይቻልም፣ ወርዶም የሚኬድበት የለም። ኢየሩሳሌም ጥጓ ላይ ተጣብቃ ቁልፉን በእጇ ጨብጣ ተቀመጠች። ጤና ጣቢያው ስትደርስ አራት ሰዓት ሆኗል። በሩ ላይ ከገጠር የመጣች ሴት ትኩሳት ያቃጠለው ልጅ ታቅፋ ቆማለች። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ማዘዣውን ይዛ ጠብቃለች። ኢየሩሳሌም ስድብ ጠበቀች። ሴትዮዋ ግን በጭቃ የተለወሰ ጫማዋን አይታ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ መንገዱ ገደለሽ» አለቻት በወላይትኛ። ኢየሩሳሌም በሩን ከፍታ ሽሮፑን ሰጠቻት።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ጥጋቡ ከጎጃም የመጡ ሰው ናቸው። ልጆቻቸው ደብረ ማርቆስ ናቸው፤ አባታቸውን በስልክ ነው የሚያውቁት። ቢሯቸው አስጠርተው በሩን ዘጉ። አልጮኹባትም። ልጁ መትረፉን ነገሩዋት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ላይተርፍ እንደሚችል ነገሩዋት። ከዚያ፣ «ኢየሩሳሌም፣ ቁልፍ በየቀኑ ሠላሳ ኪሎ ሜትር መጓዝ የለበትም» አሉ። «ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ አድረሽ ካላገኘሁሽ ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ። ቦታው ክፍት ነው ብዬ ለወረዳው እጽፋለሁ።»

አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ሥራ ነው። ማታ ወደ ቤት ስትመለስ ያለችበትን እንዲህ ነገረችኝ፦ ወደ ፊት ብሄድ እናቴ፣ ወደ ኋላ ብመለስ ሥራዬ፣ ባለሁበት ብቆም የሰው ልጅ ይጎዳብኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ስታጥብ እትዬ ቦሼ ቦይና የሚቋጥሩበትን ጨርቅ ፍለጋ ቦርሳዋን ከፈቱ። ያገኙት ጠርዙ ያለቀ ፖስታ ነው። ፊደል ባያውቁም የቤተ ክርስቲያኑን ማኅተም ያውቁታል። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ጠሩዋት።

«አንብቢልኝ» አሏት።

ኢየሩሳሌም የእጇን አረፋ በቀሚሷ ጠረገች። ያሻትን ማንበብ ትችል ነበር። በዚያች አንዲት ደቂቃ እናቷ የማያውቁትን ፊደል ሁሉ እንደ ማምለጫ በር አየችው። ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በዚያ ቤት ውሸት አንብባ አታውቅምና እንዳለ አነበበች፦

«እህታችን ኢየሩሳሌም በአጥቢያችን በመልካም ምስክርነት የኖረች ስትሆን፣ ለሥራ ወደ እናንተ ስለምትመጣ በጌታ ፍቅር እንድትቀበሏት እንጠይቃለን።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም።»

«ያጠፋሽው አልተጻፈም?»

«ያጠፋሁት ነገር የለም፣ አዬ። መሸኛ ነው።»

እትዬ ቦሼ ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቃቸው መሃል ላይ ዕንባ ሆነ። «የቅጣት ደብዳቤ መስሎኝ» አሉ። «እኔ እኮ አርግዘሻል ብዬ ሰኞ ሰኞ ስጾም ነበር። ስም ሁሉ አስቤለት።»

ኢየሩሳሌምም ሳቀች። ከመስከረም ወዲህ በዚያ ቤት እንዲያ ተስቆ አያውቅም፤ ድምፃቸው እኛ ግቢ ድረስ ተሰምቷል። ሳቁ ሲያበቃ እትዬ ቦሼ ደብዳቤው መቼ እንደተጻፈ ጠየቁ። ነገረቻቸው። ወሮቹን በጣታቸው ቆጠሩ፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያሉ። ስምንተኛው ጣት ላይ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«እኔ አንቺን ብቻሽን አልሰድም ብዬ እነሣለሁ። አንቺ እኔን ጥለሽ አትሄጂም» አሉ። «ታዲያ በዚህ ቤት ማን ነው የተኛው?»

የአቶ ጥጋቡን ቃል ያን ጊዜ ነው የነገረቻቸው። እትዬ ቦሼ ብዙ አላሰቡም፤ ተነሥተው ፍራሿን ፀሐይ ላይ አወጡት።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ፍራሹ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ታሰረ። ረዳቱ ፋርማሲ ልታገባ ነው ወይ ብሎ ቀለደ። እትዬ ቦሼ ባትሪዋን በመስኮቱ ሊያቀብሏት ፈለጉ፤ መስኮቱ አይከፈትም። ባትሪዋ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ተላልፋ ኋላ ጥግ ደረሰች።

ወይዘሮ አገርነሽ በር ላይ ተቀበሏት። የሲሚንቶው ክፍል ግን ከኅዳር ወር ጀምሮ የባንክ ሠራተኛ ይዞታል። «ልጄ፣ ክፍል እንደ ሰው አይጠብቅም» አሏት። የቀረው በቆሎ የሚከተትበት ጎጆ ነው። መስኮት የለውም። በቆሎው ወደ አንድ ጎን ተገፍቶ ፍራሿ ገባ። ሌላ ቦታ ለመፈለግ ቀን አልነበራትም፤ ሰኞ ነገ ነው።

ደብዳቤውን ለበዴሳው አጥቢያ ሽማግሌ በዚያው ከሰዓት ሰጠች። እሳቸው ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ቀኑን ደጋግመው አነበቡ።

«ከሶዶ የወጣሽው በመስከረም ነው። አሁን ግንቦት ነው። እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

«መንገድ ላይ ነበርኩ» አለቻቸው።

እሳቸውም ሳቁና ስሟን በመዝገብ ጻፉ።

ሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ዓይኗ ተገለጠ። ማንም አልቀሰቀሳትም። ሳታስበው ልብሷን ለብሳ፣ ጫማዋን አስራ፣ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ጤና ጣቢያው ከዚያ በር አራት ደቂቃ ነው። ተመልሳ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ባትሪውን አበራች። በቆሎው እስከ ጣሪያው ተከምሯል።

ስልኳ ጮኸ።

«ተነሥተሻል?» አሉ እትዬ ቦሼ።

«ተነሥቻለሁ። አንቺስ ለምን አልተኛሽም?»

«እግሬ ራሱ ነው ያስነሣኝ። መጽሐፉን ይዤዋለሁ። የት ላይ ነበርን?»

ኢየሩሳሌም ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። መጽሐፉ ሶዶ ነው፣ ዓይኗ በዴሳ። ሁለቱም ስልኩን አልዘጉም። ከግቢው ውጭ፣ አስፋልቱ ላይ፣ የጠዋቱ የመጀመሪያ ሚኒባስ ተሳፋሪ ይጠራል። ሶዶ፣ ሶዶ፣ አንድ ሰው የቀረው፣ አንድ ሰው። ድምፁ የጭቃውን ግድግዳ አልፎ በስልኩ እናቷ ጆሮ ድረስ ደረሰ።

«አትሂጂ» አሉ እትዬ ቦሼ ቀስ ብለው።

«አልሄድም» አለች። ቁልፉን መዳፏ ላይ አድርጋ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል እስኪደርስ፣ በቆሎው አጠገብ ተቀመጠች።