አሜን ሳትል የመታችኝ ልጅ

ልጅ ሳለሁ፣ ሰቆጣ ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር እኔና የአጎቴ ልጆች ደስታችን ወሰን አልነበረውም። መብራት ካለ ቴሌቪዥን አለ፤ ቴሌቪዥን ካለ ደግሞ የኔታ ጥግ ይዘው ያንቀላፋሉ። የኔታ የእናቴ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ ስለኖሩ ቤተሰቡም ጎረቤቱም በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም። መብራቱ ድርግም ሲል እናቴ ኩራዟን ትለኩሳለች፣ የወይራ ጉማጅ ምድጃው ላይ ይጨመራል፣ እኛም ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን ወደ የኔታ እንጠጋለን፤ እሳቸውም ዱላቸውን ከግድግዳው አንስተው በጫፉ ፍሙን ቆስቆስ ያደርጉና ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ዱላው በዚህ ሥራ ከስሎ ከስሎ አጥሮ ነበር። እናቴ «መቆስቆሻ እኮ አለልዎት» እያለች ብትነጫነጭም ሰሚ አላገኘችም።

ተረታቸው ሁሉ ስለ አንድ ሰው ነበር። ደስታ የሚባል የቆሎ ተማሪ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ትምህርት ፍለጋ አገር ላገር የሚዞር፣ ቀጭን፣ ፈሪ፣ ነገር ግን በምክቶሽ፣ በዱላ በመማታትና በመመከት፣ ማንም የማይችለው። ያኔ በየኔታ አንደበት ደስታ ዛሬ ከአምደወርቅ ይነሳል፣ ነገ ወደ አበርገሌ ቆላ ይወርዳል፤ በየመንገዱም አንድ ጉልበተኛ ዱላውን ይዞ ይጠብቀዋል። ደስታ ታዲያ ለመማታት አይቸኩልም፤ ሰላምታ ይሰጣል። እንደምን ዋልክ፣ ደህና ነህ፣ እናት አባት ደህና፣ አዝመራው እንዴት ነው እያለ ሲያዥጎደጉደው፣ ጉልበተኛውም ሰው ያሳደገው ነውና ዱላውን ብብቱ ስር ሸጉጦ፣ ጋቢውን ከትከሻው ዝቅ አድርጎ «እግዚአብሔር ይመስገን» ለማለት ይገደዳል። በመጨረሻ ደስታ «ከብቱስ?» ይለዋል። ስለ ከብቱ የተጠየቀ ሰው ሳያውቀው ዓይኑ ወደ ሜዳው ይሄዳል፤ ያኔ ነው ደስታ ቅልጥሙ ላይ አንዴ ዱላውን አቅምሶት መንገዱን የሚቀጥለው። እዚህ ላይ ሲደርሱ የኔታ አመታቱን ሊያሳዩን ብድግ ይላሉ። አንድ ምሽት ኩራዟን በዱላቸው ስላበረሯት የተረቱን መጨረሻ በጨለማ ሰማነው።

ቴኳንዶ የጀመርኩት በዚያው ሰሞን ነው። ከደሴ የመጣ አንድ ወጣት አሰልጣኝ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ያሠለጥነን ነበር፤ እኔም ስፖርቱን ነፍሴ እስኪጠፋ ወደድኩት። እናቴ ግን ሴት ልጅ ሰው ፊት እግሯን ወደ ሰማይ ስታነሳ ማየት አልዋጥልሽ አላት። የኔታ ይህም ምክቶሽ ነው፣ ዱላው እግር ሆኖ ነው እንጂ ብለው ስላማለዱኝ በስንት ጭቅጭቅ አንድ ስምምነት ላይ ተደረሰ፦ ለዞኑ ቡድን በሚደረገው መምረጫ ግጥሚያ ካለፍኩ እቀጥላለሁ፤ ካላለፍኩ ነጩ የስፖርት ልብሴ ተተርትሮ የቡሖ ዕቃ መሸፈኛ ይሆናል። እናቴ እንዲህ ያለ ነገር ለማስፈራራት ብቻ የምትናገር ሴት አይደለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡሖ ዕቃው አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር።

ችግሬ እግሬ አልነበረም፤ እግሬስ ደህና ይወናጨፋል። ተጋጣሚዬ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ ግን ድንጋይ ሆኜ እቀራለሁ። አሰልጣኜ ስለ ትንፋሽም ስለ አቋቋምም ብዙ መክሮኛል፣ አልጠቀመኝም። ስለዚህ የደስታን ዘዴ ለመሞከር ቆረጥኩ።

በመምረጫው ቀን በዕጣ የደረሰችኝ ትርንጎ የምትባል ከጽጽቃ የመጣች ልጅ ናት፤ ከእኔ በቁመት ትበልጣለች። ዳኛው ጀምሩ እንዳለ፣ በጥርስ መከላከያው ውስጥ እየተኮላተፍኩ «እንደምን ዋልሽ?» አልኳት።

እጆቿ ወዲያው ወረዱ። «እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ ደህና ነሽ?»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። በየኔታ ተረት ውስጥ መልሶ የሚጠይቅ ጉልበተኛ ኖሮ አያውቅም። ደህና ነሽ ተብዬ ሳልመልስ እንዳልመታት ደግሞ የየኔታ የልጅ ልጅ ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፤ እሷም እናቴን ጠየቀች፤ እኔም ገብሱን ጠየቅኩ። እንዲህ ክብ እየዞርን የአንዳችንን ቤት አንዳችን ስንጎበኝ አሰልጣኜ ከጥግ ሆኖ «እግር! እግር!» እያለ ድምፁ ተዘጋ። ዳኛው የምንሰዳደብ መስሎት ገላገለንና ምን እየተባባልን እንደሆነ ጠየቀን። ሰላም እየተባባልን መሆኑን ስንነግረው ጭንቅላቱን አከከ፣ ወደ ሌሎቹ ዳኞች ዞሮ አየ፤ በመጨረሻ ባለመጋጠም ብሎ ለሁለታችንም ማስጠንቀቂያ ሰጠን።

እንደገና ሲያጋጥመን ጊዜ አላጠፋሁም። «ከብቱስ?» አልኳት።

የኔታ እውነታቸውን ነበር። ዓይኖቿ በአናቴ ላይ አልፈው፣ ግድግዳውን ሰንጥቀው ጽጽቃ ደረሱ። ደረቷ ክፍት፣ ጎኗ ክፍት ነበር። «ላማችን ትናንት ወለደች» አለችኝ፣ ፊቷ በርቶ።

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አልኳት።

ወዲያው እግሯ ደረቴ ላይ አረፈና ጣራውን አየሁ። ከዚያ በኋላ ግጥሚያ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ለዞኑ የተመረጠችው እሷ ሆነች።

ቤት ስገባ እናቴ ምድጃው አጠገብ ቆማ ነበር፣ የኔታ ተቀምጠው። ፊቴን አይታ ነገሩ ገብቷታል፤ ዓይኗም ወደ ቡሖ ዕቃው ሄደ። እያለቀስኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። እንኳን ማርያም ማረቻት ማለቴ ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«እሷስ ምን አለችሽ?»

«መታችኝ።»

እናቴ ጠጋ አለችኝ። በጣም ቀስ ብላም፣ «አሜን ሳትል?» አለችኝ።

«አሜን ሳትል።»

«የኔታ፣ ይሰማሉ? ልጄ መርቃት፣ አሜን ሳትል መታቻት እኮ ነው የምትለው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ነገ ወደ ሥልጠናው ትመለሻለሽ። እንዲህ ያለች ስድ እስክትሸነፍ ድረስ እዚህ ቤት ስለ መሸፈኛ የሚያነሳ እንዳይኖር።»

የኔታ በዚህ መሃል ጋቢያቸው አፋቸው ውስጥ ገብቶ ይስቁ ነበር። ላሟን ማርያም ማረቻት አልሻት እያሉ ይደግሙታል፣ እንደገና ይስቃሉ። በኋላ መብራት በጠፋ ጊዜ ተረቱ ተለውጦ አገኘሁት፤ ደስታ «ከብቱስ?» ሲል ጉልበተኛው ላሜ ወለደች ይላል፣ ደስታም ወይፈን ነው ጊደር ብሎ ይጠይቃል፣ ከዚያ ስለ ወተቱ፣ ስለ ሣሩ ይጨዋወታሉ፤ እኛ እንቅልፍ እስኪጥለን ድረስ ዱላው ከብብት አይወጣም። የአጎቴ ልጆች ተረቱን አበላሸሽው ብለው አኮረፉኝ።

አሁን ስፖርት ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ጥናቴም በዋግ ስላለው የዱላ ምክቶሽና ለዘመናዊ ሥልጠና ስለሚሰጠው ጥቅም ነው። በየቀበሌው እየዞርኩ ሽማግሌዎች ሲመክቱ አያለሁ፣ እግራቸውን አስተውላለሁ፣ ከአትሌቶቻችን ጋር አነጻጽራለሁ። በጽጽቃ በኩል የምታግዘኝ ትርንጎ ናት፤ እሷም አሰልጣኝ ሆናለች። አንድ ቀን መኪና ስንጠብቅ ያኔ ለምን አሜን ሳትል እንደመታችኝ ጠየቅኳት።

«ለላም ማርያም ማረቻት ሲባል ሰምቼ አላውቅማ» አለችኝ። «ምን ተብሎ ይመለሳል? መልሱ ጠፋኝ፣ ደነገጥኩ፣ እግሬ ተነሳ።»

እንዲህ ያለውን የእኛ ሙያ ያብራራዋል፤ ሐሳብ ሲታገት የሠለጠነ አካል ራሱን ችሎ ይሠራል። ለእናቴም እንዲሁ አብራርቼላት ነበር፣ አልተቀበለችኝም። ትርንጎ ቤታችን ስትመጣ እናቴ ጥሩ አድርጋ ታስተናግዳታለች፤ ከዚያ ረጅም ምርቃት ትጀምርና አፍ አፏን ታያታለች፤ ምስኪኗ ትርንጎም ጉርሻዋን ሳትውጥ አሜን፣ አሜን ትላለች።

የኔታ ካረፉ ቆይተዋል። የጥናቴ አማካሪ የተረቱ ዋናው ቅጂ የትኛው እንደሆነ፣ ደስታ የሚመታበት ይሁን የማይመታበት፣ በጽሑፉ እንድለይ ይጠይቀኛል። እኔ ግን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ትርንጎ ለምን እንደመታችኝ አውቄዋለሁ። ዓይኗ ሜዳ ሄዶ፣ ደረቷ ተከፍቶ፣ ያን ያህል የምወደው ነገር በአንድ ምት እጄ ሊገባ ሲል እኔ ለምን እንዳልመታኋት ግን በየትኛውም መለኪያ ብለካው አላገኘውም። ረስቼውም ፈርቼውም አልነበረም። ስለማላውቃት ላም ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር።